ቤት ውስጥ ሳይክል ለሚለማመድ ሰው፦ ኮምፒውተሩ ይቅደም ወይስ የልብ ምት መለኪያው?

ሐምሌ ገብቶ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ደሴ ላይ ሳይክል መንዳት ፈተና ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት አስፋልት ይረጥባል። ጭጋጉ ከፊት የሚመጣውን ተሳቢ ይደብቃል። ዝናቡ ቢያባራ እንኳ ከሥራ ተመልሶ ልብስ እስኪቀየር ይመሻል። ስለዚህ ነጂው ሳይክሉን ትሬነር ላይ (ሳይክሉ ባለበት ቆሞ እንዲነዳ የሚይዝ ማቆሚያ) ይሰቅልና ሳሎን ወይም በረንዳ ላይ ላቡን ያወጣል። ኮምቦልቻም ብዙ አይለይም፤ እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱና የከባድ መኪናው ብዛት ነው።

ትሬነሩ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው። «የትኛውን የሳይክል ኮምፒውተር ልግዛ?» መሪው ላይ የሚታሰረውን፣ ፍጥነትና ርቀት የሚያሳየውን ትንሽ መሣሪያ ማለታቸው ነው። የእኔ መልስ ጠያቂውን ብዙም አያስደስተውም፦ ብርህን መጀመሪያ የልብ ምት መለኪያው ላይ አውለው። ኮምፒውተሩ ይደርሳል።

ሳሎን ውስጥ ጂፒኤስ ምን ይሠራል?

የኮምፒውተር ዋጋ የሚሰቀለው በምን እንደሆነ እንይ። ካርታ፣ መንገድ መሪ፣ ጂፒኤስ፣ ከፍታ የሚለካ ሴንሰር። ሐረጎን ለሚወጣ ሰው እነዚህ ሁሉ ይጠቅማሉ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች ርቀት ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ትወጣላችሁ። ስንት እንደቀረ ማየት ያበረታል፤ አንዳንዴም ያናድዳል። ትሬነር ላይ ግን ሳይክሉ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ለጂፒኤሱ ፍጥነታችሁ ዜሮ ነው። የወጣችሁት ዳገትም ዜሮ ነው።

የሚተርፈው ሰዓቱ፣ የልብ ምቱና ፔዳሉ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ነው። ይህንን የመጨረሻውን ነጂዎች ኬደንስ ይሉታል። መለኪያው ላለው ሰው ዋትም አለ፤ ይህ ፔዳሉ ላይ የምታሳርፉት ጉልበት ልክ ነው። ግን ዋት የሚለካ ፔዳል ወይም ከአፕና ከኮምፒውተር ጋር የሚነጋገር ስማርት ትሬነር ውድ ነው። እሱ ከሌለ ምን ያህል እየደከማችሁ እንደሆነ በቁጥር የሚነግራችሁ ልባችሁ ብቻ ነው።

ፍጥነትስ? ትሬነር ላይ የሚታየው በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ከመንገዱ 35 ጋር አይገናኝም። ነፋስ የለም፤ ክብደታችሁን የሚጎትት ዳገትም የለም። ሆኖም የኋላ ጎማ ሮለር ላይ የሚጫንበት የማግኔት ትሬነር ካላችሁ ፍጥነቱ ከንቱ አይደለም። የጎማውን አየር፣ የትሬነሩን ማጥበቂያና የጭነት ደረጃውን ሁልጊዜ እኩል አድርጉ። ያኔ አንድ ዓይነት ፍጥነት በግምት አንድ ዓይነት ጉልበት ይሆናል። ዝዊፍትን የመሰሉ የቤት ውስጥ ሳይክል አፖች የትሬነሩን ሞዴል ስትነግሯቸው ዋት የሚገምቱት በዚሁ መንገድ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የፍጥነት ሴንሰሩ የኋላ ቸርኬ ላይ ይታሰር። የፊቱ አይዞርማ! ገበያ ላይ የሚገኘው ርካሽ ባለ ሽቦ ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ሽቦው የሚበቃው ለፊት ጎማ ነው። የልብ ምትም አያነብም። ለቤት ውስጥ ልምምድ እሱን እርሱት።

ደረት፣ ክንድ ወይስ አንጓ?

ዋናው ምርጫ እዚህ ጋ ነው።

የደረት ቀበቶ የሚያነበው የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ከጡት በታች ይታሰራል፤ በውስጥ በኩል ያሉት ሁለት ለስላሳ ኤሌክትሮዶች ቆዳ ይነካሉ። ነገሩ አዲስ አይደለም። የፊንላንዱ ፖላር ያለ ሽቦ የሚሠራ የልብ ምት መለኪያ ለገበያ ያወጣው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ለሳይክል ዛሬም ከእሱ የሚቀድም የለም። ምቱ ሲጨምር ቶሎ ያሳያል። መሪ ጨብጣችሁ ብትታገሉ፣ ከኮርቻ ብትነሱ፣ አይደናገርም።

ጠላቱ ድርቀት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የደሴ ብርድ ቆዳ ያደርቃል። ደረቅ ቀበቶ አስራችሁ ከጀመራችሁ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቁጥሩ ይዘላል፤ ገና ሳትሞቁ 190 ሊላችሁ ይችላል። ከፖሊስተር ማሊያ የሚነሳው ስታቲክም ያሳስተዋል። አትደንግጡ፤ ልባችሁ ደህና ነው። ከማሰራችሁ በፊት ኤሌክትሮዶቹን ውሃ አስነኳቸው። ስትጨርሱ ደግሞ መለኪያውን ከቀበቶው ንቀሉት። እርጥብ ቀበቶ ላይ ተሰክቶ ካደረ እንደነቃ ሊቆይና ባትሪ ሊጨርስ ይችላል። ቀበቶውን በንጹሕ ውሃ አለቅልቃችሁ ጥላ ላይ አስጡት። ላብ ጨው ነው፣ ኤሌክትሮዱን ይበላዋል። ሰው «ተበላሸ» ብሎ የሚጥለው ብዙ ጊዜ ጤነኛ መለኪያ ነው፤ ያረጀው ጨርቁ ብቻ ነው። ጨርቁ ደግሞ ለብቻው ይሸጣል።

ከሞዴሎቹ ስሙ የገነነው ፖላር ኤች10 ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት የብሉቱዝ መሣሪያዎች ጋር ይገናኛል። አንት ፕላስ የሚባለው ሌላ ያለ ሽቦ መገናኛም አለው። ስልክ አጠገባችሁ ባይኖር እንኳ አንድ ልምምድ በራሱ ይመዘግባል። ኤች9 በብሉቱዝ የሚገናኘው ከአንድ መሣሪያ ጋር ብቻ ነው፤ የራሱ መዝገብም የለውም። ሲወጡ ኤች10 በ90 ዶላር፣ ኤች9 በ60 ዶላር ገደማ ነበር የሚሸጡት። ሳሎን ውስጥ ስልኩን ፊቱ ላይ አስቀምጦ ለሚነዳ ሰው የ30 ዶላሩን ልዩነት መክፈል አያስፈልግም ባይ ነኝ። ኤች9 ይበቃዋል። የጋርሚን ኤችአርኤም ዱዋል እና የዋሁ ቲከር በዚሁ ረድፍ የሚታዩ ናቸው። ከቻይናዎቹ ማጂን ኤች64 እና ኩስፖ ኤች6 ዋጋቸው ዝቅ ይላል፤ ሁለቱም ብሉቱዝም አንት ፕላስም አላቸው። በጀቱ ጠበብ ያለ ሰው በእነሱ ቢጀምር አያፍርም።

ሰው ልብ የማይለው ባትሪው ነው። የፖላሮቹ ሲአር 2025 ነው። የጋርሚን ዱዋል፣ የቲከርና የሁለቱ ቻይናዎች ሲአር 2032 ነው። ስፋታቸው እኩል ነው፤ ውፍረታቸው ግን ይለያል፤ አንዱ 2.5 ሚሊ ሜትር ሌላው 3.2። የመኪና ቁልፍና ትንንሽ ዲጂታል ሚዛን የሚበዙት በ2032 ስለሆነ እሱን ማግኘት ይቀላል። 2025 ለማግኘት ትንሽ መዞር ሊኖር ይችላል። 2032ን በግድ እጠቀጥቃለሁ ብላችሁ የፖላሩን ክዳን እንዳትሰብሩ። ፖላር ለኤች10 የሚሰጠው 400 ሰዓት ነው። በቀን አንድ ሰዓት ብትነዱ ከዓመት በላይ ይሄዳል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሁለት ፍሬ ቢይዝላችሁ ነገሩ አለቀ።

ቀበቶ የሚጨንቀው ሰው አለ። ደረቱን ሲይዘው ትንፋሹ የሚያጥረው የሚመስለው፣ ወይም ከጡት መያዣዋ ጋር አልጣጣም ያላት። ለእነዚህ የክንድ መለኪያ አለ። ፖላር ቬሪቲ ሴንስ አንዱ ነው፤ ኩስፖም የራሱ አለው። አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካል፣ በደም ሥር የሚያልፈውን ደም ከሚመለሰው ብርሃን ያነባል። ቤት ውስጥ የመንገድ ንዝረት ስለሌለ ከውጪው በተሻለ ይሠራል። ቬሪቲ ሴንስ በአንድ ቻርጅ እስከ 30 ሰዓት ይሄዳል። ብርድ ግን አይወድም። ክንድ ሲቀዘቅዝ ወደ ቆዳ የሚመጣው ደም ይቀንሳል፤ ንባቡም ይሳሳታል። ጠዋት ደሴ ላይ እጅጌ ያለው ልብስ ደርባችሁ ሰውነት ሲሞቅ ማውለቅ ይረዳል። «ጥቁር ቆዳ ላይ አይሠራም» የሚባለው ወሬስ? ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን አረንጓዴ ብርሃን እንደሚመጥጥ እውነት ነው። ጥናቶቹ ግን አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። እጃችሁ ላይ አስራችሁ ጣታችሁን አንገታችሁ ላይ አድርጋችሁ ምቱን ብትቆጥሩ መልሱን በደቂቃ ታገኙታላችሁ።

የእጅ ሰዓት መጨረሻ ላይ የሚመጣ ምርጫ ነው። መሪ ስትጨብጡ አንጓ ይታጠፋል፣ ሰዓቱ ከቆዳ ይላቀቃል፣ ላብ ይገባበታል። ፍጥነት ጨምራችሁ ቀንሳችሁ በምትነዱበት ልምምድ ቁጥሩ ዘግይቶ ይደርሳል። ከሁሉም በላይ ገበያውን የሞላው ርካሽ ስማርት ሰዓት የልብ ምቱን ለሌላ መሣሪያ አያስተላልፍም፤ ለራሱ አፕ ብቻ ነው የሚናገረው። የጋርሚን ሰዓቶችና አንዳንድ የአማዝፊት ሞዴሎች ያስተላልፋሉ። እጃችሁ ላይ እንዲህ ያለው ካለ ለለስላሳ ረጅም ልምምድ ተጠቀሙበት፤ አዲስ ለመግዛት ከሆነ ግን በዚያው ብር ቀበቶ ግዙ።

ቀበቶውም ቢሆን ተአምር አይሠራም። ልብ ራሱ ይዘገያል። 30 ሰከንድ በሙሉ ኃይል ነድታችሁ ስትጨርሱ ቁጥሩ ገና እየወጣ ነው፤ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው እናንተ ማረፍ ከጀመራችሁ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አጭር የፍጥነት ልምምድ በኬደንስና በካምቢዮ ይመራል፤ የልብ ምት ለአምስት ደቂቃና ከዚያ በላይ ነው።

አንት ፕላስ እና ብሉቱዝ

ካርቶኑ ላይ ሁለቱን ስም ፈልጉ። አንት ፕላስ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ነው፤ አንዱ ያወራል፣ የፈለገ ሁሉ ይሰማል። ብሉቱዝ ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው አንድ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ነው። «ኮምፒውተሩ ቀበቶውን አላገኘውም» የሚባለው ስሞታ አብዛኛው እዚህ ነው ያለው። ስልካችሁ ኪስ ውስጥ ሆኖ ቀድሞ ይዞታል። መፍትሔው የስልኩን ብሉቱዝ ማጥፋት ነው። ደግሞም ቀበቶውን በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አታጣምሩት፤ በቀጥታ ከአፑ ውስጥ ፈልጉት።

አይፎን አንት ፕላስ አያነብም፤ አብዛኛው አዲስ አንድሮይድም እንደዚያው። የአንት ፕላስ የምስክር ወረቀት ፕሮግራምም በ2025 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። ያሉት መሣሪያዎች መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። ቢሆንም ዛሬ አንት ፕላስ ብቻ ያለው አሮጌ ቀበቶ በርካሽ ቢቀርብላችሁ እለፉት።

ስልክ፣ ርካሽ ኮምፒውተር ወይስ ጋርሚን?

ስልክ ካላችሁ ኮምፒውተር አላችሁ። የዋሁ አፕ በነጻ ነው፤ ከብሉቱዝ ቀበቶና ከኬደንስ ሴንሰር ጋር ይገናኛል። ስትራቫ የሚባለው አፕም የልብ ምት ይመዘግባል። ኢንተርኔቱ ከፈቀደ ማይዉሽ ክፍያ የማይጠይቅ የቨርቿል መንገድ ነው። ዝዊፍት በየወሩ በዶላር ይከፈላል፤ ያም ካርድ ይጠይቃል፣ ራስ ምታቱን ታውቁታላችሁ። የስልክ ጉድለቱ ላብ ነው። ላብ የነካው ስክሪን አይታዘዝም። መሐል ላይ ስልክም ይደወላል። ፎጣ መሪው ላይ ጣሉ፣ ስልኩን ከላብ ራቅ አድርጋችሁ ወንበር ላይ አቁሙት፣ ድምፁንም ዝጉት።

ሁለተኛው ደረጃ ርካሽ ባለ ጂፒኤስ ኮምፒውተር ነው፤ ኤክሶስ፣ አይጂፒስፖርት፣ ኩስፖ፣ ማጂን። እዚህ ዓይን ገለጥ ይበል። ኤክሶስ ጂ እና ኤክሶስ ጂ ፕላስ በመልክ መንታ ናቸው። የልብ ምትና የኬደንስ ሴንሰር የሚያገናኘው ፕላሱ ነው። በአንድ ምልክት ልዩነት የማትጠቀሙበትን ዕቃ ትገዛላችሁ። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካለ አትመኑት። የማያከራክር ጥቅማቸው ባትሪያቸው ነው፤ መብራት ቢጠፋም፣ ኔትወርክ ባይኖርም መቁጠራቸውን አያቆሙም።

ከዚያ በላይ ጋርሚንና ዋሁ አሉ። ጋርሚን ኤጅ 540 በ2023 እ.ኤ.አ. 350 ዶላር ሆኖ ነው የወጣው፤ 840 ደግሞ 450። ዋናው ልዩነታቸው 840 ንክኪ ስክሪን መጨመሩ ነው። ቤት ውስጥ እጅ ላብ በላብ ስለሆነ ንክኪው ብዙም አይጠቅምም፤ ቁልፍ ብቻ ያለው 540 ይበቃል። የቀድሞዎቹ የዋሁ ቦልት ሞዴሎች ደግሞ ሲጀመሩ ያለ ስልክ አይሰናዱም። እነዚህ ኮምፒውተሮች ስማርት ትሬነርን ማዘዝ ይችላሉ፤ «አሁን 180 ዋት» ብለው ያከብዱታል ያቀልሉታል። ስማርት ትሬነር ከሌላችሁና መንገድ ላይም ብዙ የማትወጡ ከሆነ ይህን ያህል ብር ማውጣት አይታየኝም። ክረምቱ ሲወጣ ሐይቅ ድረስ ሄዳችሁ ለመመለስ፣ ሐረጎንም ለመውጣት ካሰባችሁ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ ስማርት ትሬነር ካነሳን፦ አብዛኛው ግድግዳ ላይ ይሰካል። መብራት ሲሄድ ልምምዱም አብሮ ይሄዳል። ታክስ ኒዮ የሚባለው ከራሱ ኃይል አመንጭቶ ያለ መብራት መሥራት ይችላል፤ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ለእኛ ከተማ እኔ የምመርጠው የማግኔት ትሬነር፣ የደረት ቀበቶና ፔዳል ክንድ ላይ የሚታሰር የኬደንስ ሴንሰር ነው። ሦስቱም ሶኬት አይጠይቁም።

የገዛችሁት ኮምፒውተር ቤት ውስጥ «ሰዓቱ ይቆማል» ካላችሁ አልተበላሸም። ጂፒኤሱ ፍጥነት ዜሮ ሲያይ ራሱን ያቆማል። የቤት ውስጥ ፕሮፋይል ምረጡ፣ ጂፒኤሱንና በራሱ የሚያቆመውን ሴቲንግ አጥፉ። የኋላ ጎማ ሴንሰር ካለ የጎማ ዙሪያም ሙሉ፤ 700 በ25 ጎማ 2105 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ 26 በ1.95 ደግሞ 2050።

ሁለት ከተማ፣ ሁለት ቁጥር

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ከፍታ ላይ ኦክስጅን ስለሚሳሳ ለተመሳሳይ ጉልበት ልብ ይበልጥ ይመታል፤ በተለይ ከታች ለመጣ ሰው። ታች ደግሞ ሙቀቱ አለ። ሰውነት ራሱን ለማቀዝቀዝ ደም ወደ ቆዳ ሲልክ ምቱ ይወጣል። ስለዚህ ኮምቦልቻ የምትሠሩና ደሴ የምታድሩ ሰዎች፣ የልብ ምት ደረጃችሁን ትሬነሩ ባለበት ቤት ለኩት። የጓደኛን ቁጥር አትዋሱ።

220 ሲቀነስ ዕድሜ የሚለው ስሌት ለመነሻ ያህል ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ ስሌት መጀመሪያ ዕድሜን በ0.7 አባዙ፣ ያንን ከ208 ቀንሱ ይላል። ለ40 ዓመት ሰው ሁለቱም 180 ይሰጣሉ፤ ለ60 ዓመት ሰው ግን አንዱ 160፣ ሌላው 166። የእናንተ ልብ ከሁለቱም በአስር ምት ሊርቅ ይችላል። የሚሻለው አሠልጣኙ ጆ ፍሪል ያስለመደው ፈተና ነው። በደንብ ሙቁ፣ ከዚያ 30 ደቂቃ ልትዘልቁበት በምትችሉት ከፍተኛ ጉልበት ንዱ። የመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች አማካይ የልብ ምት የመነሻ ቁጥራችሁ ነው። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ያለበት ሰው ከዚህ በፊት ሐኪሙን ያናግር። ቤታ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች የልብ ምትን ስለሚይዙ እነዚህ ስሌቶች አይሠሩለትም።

ቬንትሌተርም አትርሱ። ነፋስ በሌለበት ክፍል ጉልበታችሁን ሳትጨምሩ ምቱ ቀስ እያለ ሽቅብ ይሄዳል። ዛሬ በቬንትሌተር፣ ነገ መብራት ጠፍቶ ያለ እሱ ነድታችሁ ቁጥሮቹን ብታወዳድሩ «ብቃቴ ወረደ» ብላችሁ በከንቱ ትጨነቃላችሁ።

ዕቃው ሲመጣ

ብዙዎቻችን እነዚህን የምናገኘው ከአዲስ አበባ ወይም ከአረብ አገር በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። መመለስ አይታሰብም። ስለዚህ ለሚገዛላችሁ ሰው የሞዴሉን ሙሉ ስም ከነፊደሉና ከነቁጥሩ ጽፋችሁ ላኩ፣ የካርቶኑን ፎቶም ጠይቁ። ቀበቶ ከሆነ የጨርቁን ልክ አትርሱ፤ ፖላር ትንሽና ትልቅ አለው። እዚሁ ከሻጭ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ አፑን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። ኤሌክትሮዶቹን አርጥባችሁ ደረታችሁ ላይ አድርጉት፣ ቁጥሩ ሲመጣ ከአንገታችሁ ምት ጋር አመሳክሩ። ደረጃ ወጥታችሁ ተመለሱና እንደገና እዩት። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ብራችሁን አታውጡ።